ቆጥሬ ተረክቤያለሁ

የርክክቡ ቅጽ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ወንበር አሥራ አራት፣ ጠረጴዛ ስድስት፣ ኮምፒውተር ሦስት፣ ፕሮጀክተር አንድ፣ የማይሠራ ጄኔሬተር አንድ እያለ ይወርዳል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የተፈናቃዮች መረጃ ሥርዓት፣ ብዛት 1፣ ይዞታ በጣም ጥሩ»። ቅጹን የተየብኩት እኔ ነኝ። እኔ «ጥሩ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ «በጣም»ን ያስጨመረኝ ኤክስፐርቱ ነው።

ኤክስፐርቱ ለዚሁ ርክክብ ተብሎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ከተላከ አራት ወሩ ነው። የእርዳታ ድርጅታችን ስድስት ዓመት ሙሉ የተፈናቃይ መጠለያዎችን ሲመዘግብ ቆይቶ፣ አሁን ሥራውን ከግቢው ማዶ ላለው የመንግሥት የአደጋ መከላከል ቢሮ አስረክቦ ሊወጣ ነው። በዚህ ተቃውሞ የለኝም። መጀመሪያ ስሰማ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ኤክስፐርቱ «ባለቤትነት» የሚለውን ቃል አንድ ቀን ከምሳ በፊት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ሲጠራው ከሰማሁ በኋላ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። የጽዳቷ ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ከሚያፈጥበት የግራፍ ገጽ ወስዳ «ዳሽቦርድ» ብላ ስም አውጥታለታለች። ከስክሪኑ ላይ ቀና ብሎ እግዜር ይስጥልኝ ብሏት አያውቅም።

ባለቤት የሚደረገው ሰው አባቴ ነው። አባቴ የቢሮው መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ኃላፊ ይባል እንጂ ክፍሉ ውስጥ ከሱ ሌላ ሰው የለም። ድርጅታችን መጀመሪያ የመጣ ጊዜ መጠለያዎቹ የት የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ የተላኩት ወደሱ ነው። ከጥቁር መዝገቡ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲገለብጡ ዋሉና አንድ ኮፍያና አንድ ካናቴራ ሰጥተውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መረጃ እንዴት እንደሚያዝ አምስት ጊዜ አሠልጥነውታል። አምስት የምስክር ወረቀት አለው። ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ ለመዝገቦቹ ሽፋን አድርጎታል።

ሥርዓቱ አንድ ደንብ አለው። በዘጠና ቀን ውስጥ ሰው ሄዶ ያላየው መጠለያ ከካርታው ላይ ይጠፋል፤ ከካርታው ከጠፋ ከእርዳታ ዝርዝሩም ይወጣል። ደንቡ ሲወጣ ክፋት አልነበረውም። ሰዎቹ ወደ ቀያቸው ከተመለሱ በኋላ በስማቸው እርዳታ እንዳይወጣ ነው። ያን ጊዜ ዘጠኝ መረጃ ሰብሳቢዎች ነበሩን፤ በሞተር ብስክሌት እየዞሩ ያያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ያስገባሉ። ኤክስፐርቱ መጥቶ ሽግግሩ ሲጀመር መጀመሪያ የተሰናበቱት እነሱ ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም የትም አልሄደም። ዘጠናው ቀን እየሞላ ሲመጣ ካርታው ላይ ያሉት ቀያይ ነጥቦች ተራ በተራ ይጠፉ ጀመር። ኤክስፐርቱም ግራፍ ሠራ። መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። አናቱ ላይ «የተፈናቃዮች ቁጥር መቀነስ» ይላል።

ሲሠራው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ቀለሙን አረንጓዴ ያደረገው ሁለት ሦስት ሞክሮ ነው።

ከጠፉት ነጥቦች አንዱ የጡብ ፋብሪካው ነው። ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ነው፤ በመተኮሻ ምድጃዎቹ መሃል ሸራ ወጥረው ሦስት መቶ አርባ አባወራ ይኖሩበታል። ጉድጓድ የላቸውም። ውኃ የሚሄድላቸው በሳምንት ሦስት ቀን በቦቴ ነው። የውኃ ቢሮው ስምሪት ክፍል ደግሞ ቦቴ የሚመድበው ከሥርዓታችን በየወሩ በሚደርሰው ዝርዝር ላይ ስሙ ላለ መጠለያ ብቻ ነው። አዲሱ ዝርዝር ሰኞ ሥራ ላይ ይውላል። የጡብ ፋብሪካው የለበትም።

ዘጠናው ቀን ሊሞላ ሲል ላተርፈው ሞክሬ ነበር። የመጠለያው የውኃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ለሆኑት ሴት ደወልኩላቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ ሊቀመንበር» ነው የሚላቸው። ሸራ ለሸራ ዞረው ቆጥረው ነገሩኝ፤ ከአባቴ መዝገብ ጋር አመሳከርኩና አስገባሁ። ኤክስፐርቱ በማግሥቱ ሰረዘው።

«ስልክ ማረጋገጫ አይሆንም» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ስታንዳርድ አለን። ሰው በአካል ሄዶ ማየት አለበት።»

«የሚሄድ ሰው የለንማ» አልኩት።

«እሱ እንግዲህ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ካስረከብን በኋላ እነሱ ይሄዱበታል።»

«ርክክቡ ዓርብ ነው። ዝርዝሩ ሰኞ ይወጣል።»

«እና ሁለት ቀን አላቸው አይደል?»

ቅዳሜንና እሑድን ማለቱ ነው። ከዚያም እስከ ርክክቡ ድረስ መረጃው እንዲታሸግ አዘዘ። እንደታሸገ እቃ ማንም እንዳይነካው።

ረቡዕ እትዬ ሊቀመንበር ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ የቦቴው ሹፌር ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም ይለኛል። ካርታው ላይ የላችሁም አለኝ።»

«አዎ እትዬ፣ ስህተት ነው። ይስተካከላል።»

«እኛ እኮ ወዴትም አልሄድንም። ምድጃው ላይ ወጥቼ ልቁምላችሁ እንዴ፣ ከላይ እንድታዩኝ?»

ሳቁ። እሳቸው ስለሳቁ እኔም ሳቅሁ።

«ዓርብ የምትመጣልን ውኃ እስከ ማክሰኞ ብታደርሰን ነው» አሉ ሳቃቸውን ጨርሰው። «ለአባትሽ ልንገራቸው?»

«ግድ የለም፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

አልነገርኩትም። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የቢሮው ኃላፊ አስጠራኝ። ከወንበሩ ጀርባ ድርጅታችን በየዓመቱ የሰጠው ካርታ በላስቲክ ተለብጦ ተሰቅሏል፤ ስድስት ዓመት፣ ስድስት ካርታ። አንዱንም ቢሆን ዞር ብሎ ሲያየው አላጋጠመኝም። «ሥርዓቱን ይዘሽ ወደኛ ትመጫለሽ» አለኝ። «ቋሚ ቅጥር ነው። የቁጥሩ መቀነስ ለቢሯችን ትልቅ ስኬት ነው፣ በዚሁ ነው የምንቀጥለው። እንደ ሌሎቹ ወሬ የምታበዢ ልጅ አይደለሽም፤ እሱን ነው የምወድልሽ።» አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩት። ሰው ዝምታዬን ሲያመሰግንልኝ ሁልጊዜ አንገቴን እደፋለሁ፤ ያን ቀን ግን ልማዴ አስጠላኝ።

ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ ከአባቴ ጋር አብረን ወደ ቤት ሄድን። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቀስ እያለ ይራመዳል።

«ነገ የምረከበው ነገር ሙሉ ነው?» አለኝ።

«ሙሉ ነው አባዬ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ አይመለስም ነበር። እናቴ ስትቀልድበት፣ እኔ የተወለድኩ ዕለት እንኳ ከአዋላጇ እጅ የተቀበለኝ ጣቶቼን ቆጥሮ ነው ትላለች። ለእኔ ግን አመነኝ፤ እስከ ቤት ድረስ ስለ ቲማቲም ዋጋ ሲያወራ ሰማሁት፤ አንዱንም በወጉ አላስታውሰውም።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ሪባን ተገዝቷል። ምን እንደሚቆረጥበት ያወቀ ስላልነበረ ፕሮጀክተሩ ላይ አሠሩት። ፎቶ አንሺም መጥቷል። አባቴ ሰው ሳይሰበሰብ ገብቶ ወንበሮቹን ቆጥሮ ኖሮ አሥራ ሦስት ሆኑበት፤ አሥራ አራተኛው ከጥበቃው ጎጆ እስኪመጣ ድረስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ጥበቃው ወንበሩን ተሸክሞ ሲያልፍ «ሰውዬው ወንበር ሳይሆን ነፍስ ነው የሚረከበው» እያለ አጉረመረመ። የኔ ሥራ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጬ ስላይድ መቀየር ነበር።

ኤክስፐርቱ ተናገረ። የአውሮፕላን ቲኬቱ ለቀትር ስለሆነ ሻንጣው ከመድረኩ ሥር ተቀምጧል። ስድስት ዓመት ሙሉ የአገሬውን አቅም ስንገነባ ኖረናል አለ፤ አቅሙ አሁን ተገንብቷል። ግራፉን አሳዪ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ተጫንኩ። አረንጓዴው መስመር ቁልቁል ወረደ። «በአራት ወር ውስጥ የመጠለያዎች ቁጥር ከስልሳ አንድ ወደ ሃያ ሦስት» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። የቢሮው ኃላፊም ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰው ሁሉ የሚያጨበጭበው ዘጠኝ ሰዎች ከሥራ ስለተባረሩ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የቀሩት ሃያ ሦስቱ አስፋልት ዳር ያሉት ናቸው። እንግዳ ሲመጣ በመኪና የሚወሰደው ወደነሱ ስለሆነ ታይተዋል።

ቀጥሎ ፊርማ ሆነ። ኤክስፐርቱ አስረካቢ በሚለው ላይ ፈረመ። ተረካቢ በሚለው ላይ የሚፈርመው የመዝገብ ቤት ኃላፊው ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አባቴ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ መነጽሩን አደረገ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦ ፈረመ። ሁለተኛውን ገጽ አነበበና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይኼስ?»

«እሱ ይፈረማል ብቻ» አለ ኤክስፐርቱ።

«ሳልቆጥር?»

«አይቆጠርም ጋሼ። ዳታ እኮ ነው።»

«ብዛት አንድ ይላል።»

«አንድ ሥርዓት ማለት ነው።»

አባቴ ጣቱን ከቅጹ ግርጌ አኖረ። «እዚህ ደግሞ ‹ቆጥሬ ተረክቤያለሁ› ይላል። ወንበሩን ቆጥሬያለሁ። ይኼን አልቆጠርኩም።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። የቢሮው ኃላፊ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በኋላ በኮሚቴ እናየዋለን፣ እንግዳው ይቸኩላሉ» አለው።

«ኮሚቴ አይልም። ቆጥሬ ነው የሚለው» አለ አባቴ፤ በክፋት አልነበረም፣ ለሰላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ሲል ስለኖረ ነው። ወደ እኔ ዞረ። «ጊዜ አይወስድም። እኔ ከመዝገቡ አነባለሁ፤ እሷ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ትላለች።»

ኤክስፐርቱ ሰዓቱን አየና ትከሻውን ሰበቀ። ስላይዱን ዘግቼ ዝርዝሩን ከፈትኩ።

«የእህል መጋዘኑ።»

«አለ።»

«ከድልድዩ ማዶ።»

«የለም» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«የለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። በመዝገቡ ላይ ምልክት አደረገና ቀጠለ።

«የድሮው ሲኒማ ቤት።»

«የለም።»

«የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ።»

«የለም።»

«የጡብ ፋብሪካው።»

ሐሙስ ማታ በመንገድ ላይ ያልኩትን እሱም ያስታወሰው መሰለኝ፤ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«የለም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

እንዲህ እያልን ስልሳ አንዱንም ሄድንባቸው። ሃያኛው ላይ ስንደርስ የሚስቅ አልነበረም። ሰላሳ ስምንት ጊዜ «የለም» አልኩ። በሕይወቴ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ብዙ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም፤ ቃሉም አንድ ነው።

«ሰላሳ ስምንት ይጎድላል» አለ አባቴ።

«ጋሼ፣ አልጎደሉም» አለ ኤክስፐርቱ፤ ትዕግሥቱ አልቆ ሳለ ፈገግታውን አልተወም። «ውስጥ አሉ። እንቅስቃሴ ስለሌላቸው ነው የማይታዩት።»

«ሰዎቹ ሄደዋል?»

«ሥርዓቱ እንደሚያሳየው…»

አባቴ አላስጨረሰውም፤ እኔን ነበር የሚያየው። «ሰዎቹ ሄደዋል ወይ?»

«አልሄዱም» አልኩ። «ማንም ሄዶ ስላላያቸው ነው የጠፉት። ሄደው የሚያዩት ልጆች ከተሰናበቱ አራት ወራቸው ነው። ሥርዓቱ ያልታየውን ያወጣል። ሰኞ በዚህ ዝርዝር ነው ውኃ የሚመደበው።»

እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። የቢሮው ኃላፊ መጀመሪያ በእኔ ላይ ፊቱን አጨማደደ፤ ቋሚ ቅጥሬ ዓይኔ እያየ ሲሄድ ታወቀኝ። ቀጥሎ ግን አሰበ። ሲያስብ ከሩቅ ያስታውቅበታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የጎደለው ቢሮው ሳይረከብ የጎደለ መሆኑ ገባው። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ቅድም ተነሥቶ ያጨበጨበለት ግራፍ ወደነበረበት ግድግዳ በጣቱ እየጠቆመ «እኔማ ይኼን ነገር ከመጀመሪያውም ተጠራጥሬው ነበር» አለ። «ጋሼ፣ ጻፉበት። የጎደለው ሁሉ ይጻፍ። ቢሯችን ያልተረከበውን ኃላፊነት አይወስድም።»

አባቴ «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ውስጥ በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፉ ጻፈ፤ «ሃያ ሦስት መጠለያ ተረክቤያለሁ። ሰላሳ ስምንት በመዝገባችን ያሉ፣ ሰዎችም የሚኖሩባቸው፣ በርክክቡ ላይ ስላልቀረቡ አልተረከብኩም»። ሥሩም የሰላሳ ስምንቱን ቦታ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ቦታ ሲጠበው ወደ ቅጹ ጀርባ ዞረ። ጨርሶ ፈረመና ለኤክስፐርቱ አቀረበለት።

ኤክስፐርቱ «ይኼ ሪፖርቱን ያበላሻል» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ምርመራው ሥር አይፈርሙ» አለው አባቴ፤ «ሰኞ እንገናኝ።»

ኤክስፐርቱ ሻንጣውን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ፈረመ። ስድስት ዓመት የተገነባው አቅም የመብረሪያ ሰዓት ሲደርስ ምን ያህል እንደሚመዝን ያኔ ነው ያየሁት። ኃላፊው ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ እፍ ብሎ አሳረፈበት። ፎቶ አንሺው አነሣቸው። ሪባኑ ሳይቆረጥ ቀረ።

ከምሳ በፊት ከአባቴ ጋር ወደ ውኃ ቢሮው ሄድን። ስምሪት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰውዬ መስኮቱን ግማሽ ከፍቶ ያናግራል። ሰሞኑን ሁሉ በስልክ ስለምነው «ከዝርዝሩ ውጪ አልሠራም» ሲለኝ የነበረ ነው። ስለ ሦስት መቶ አርባ አባወራ ነግሬዋለሁ፤ ስለ ሕፃናቱ ነግሬዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ነበር። አሁን ቅጹን ተቀብሎ የጻፍነውን ሳያነብ ወደ ማኅተሙ ሄደ። ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው።

«ክቡ ሙሉ ነው» አለ። «ይኼ ይሠራል።»

ሰላሳ ስምንቱን በእስክሪብቶ ዝርዝሩ ላይ አከላቸው። የጡብ ፋብሪካው ጋ ሲደርስ «ይኼ አለ እንዴ እስካሁን?» አለ። የመለሰለት አባቴ ነው። «አለ» አለው፤ «ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።»

ከዚያ ወደ ቢሮ መንገድ ጀመርን። ፋርማሲው ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ሙሉ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ አባዬ።»

ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጃኬቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሁለተኛ እንዳትነግሪኝ» አለ፤ «እኔው እቆጥራለሁ።» ከዚያ ወዲህ ከቤት ቁልፍ ጀምሮ የምሰጠውን ሁሉ ፊቴ ላይ ይቆጥረዋል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሊቀመንበር ደወሉ። ቦቴው መጥቷል። «ሹፌሩ ካርታው ላይ ተመለሳችሁ አለኝ» አሉኝ። «ደክሞን ገባን አልኩት፣ ከሩቅ ነው የመጣነው።» ከኋላቸው የጄሪካን ኳኳታ ይሰማል። የረቡዑን መምጣት አለመምጣት ጠየቁኝ። እንዲህ በእርግጠኝነት የምናገረው ነገር ብዙ የለኝም፤ ይመጣል አልኳቸው።

ቋሚ ቅጥሩ ለኃላፊው የእህት ልጅ ሆነ። እሱም አራት ቀን ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ወስዷል። እኔ ውሌ እስኪያልቅ ያለችኝን ሦስት ሳምንት ከተባረሩት መረጃ ሰብሳቢዎች ሁለቱን ይዤ፣ በራሳቸው ሞተር፣ መጠለያዎቹን ዞርኩ። አሥራ ዘጠኝ አዳርሰናል። ያየነውን አባቴ ጥቁሩ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ስምሪት ክፍሉም አሁን ዝርዝር የሚወስደው ከሱ ነው፤ ማኅተም እስካለበት ድረስ።

ወሩ ሲያልቅ የድርጅቱ መጽሔት ደረሰኝ። ገጽ አራት ላይ የአባቴ ፎቶ አለ። ቅጹ ላይ አቀርቅሮ ሰላሳ ስምንቱን ሲዘረዝር ነው፤ ከኋላው የአዳራሹ ወንበሮች ይታያሉ። ከሥሩ «የአገሬው ተቋም ባለሙያ የተሟላውን ሥርዓት በደስታ ሲረከቡ» ይላል።

ወስጄ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገና ፎቶውን ወደ መስኮቱ አቅርቦ ለረጅም ጊዜ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አየው። የሚያነበው ጽሑፉን መስሎኝ ነበር።

«አሥራ ሦስት» አለ። «ያ ጥበቃ ወንበሩን መልሶ ወስዶታል።»